ባለ ጌሾው ቀይ ቢራ ከማን ጓዳ ወጣ?

«ጠላ ጠማቂ» የሚለው ስም በእኛ አገር የሙያ ስም ነው እንጂ የክብር ስም አይደለም። አንዳንዱ እንዲያውም አፍንጫውን ነፋ ሳያደርግ አይጠራውም። አሜሪካ ውስጥ ግን በጓዳው ቢራ ሲጠምቅ የኖረ ሰው ፋብሪካ ከፍቶ፣ መጽሐፍ ተጽፎለትና የታሪክ ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ይህን ሳስብ ነው አምበር ኤል የሚባለው ቢራ ታሪክ ውስጥ የገባሁት። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

አምበር ኤል ማለት ወተት ያልገባበት ቀይ ሻይ የመሰለ ቢራ ነው። በአንድ በኩል የካራሜላ ጣፋጭነት፣ በሌላ በኩል ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ የሚሸት መራራነት አለው። መራራነቱን የሚሰጠው ሆፕስ ነው፤ የፈረንጅ ጌሾ በሉት። በዘር ግን ከእኛ ጌሾ ጋር አይዛመድም። የእኛው ቁጥቋጦ ነው፣ የእነሱ ሐረግ ሲሆን የሚፈለገው አበባው ነው። ሥራቸው ግን ያው ነው፤ የብቅሉን ጣፋጭነት መግራት።

ነገሩ ወዲህ ነው። በጃንዋሪ 1920 አሜሪካ መጠጥ መጥመቅንም መሸጥንም በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከለከለች። የቢራ ፋብሪካዎቹ ምን ይብሉ? ከፊሎቹ የብቅል ሽሮፕ በቆርቆሮ አሽገው «ለዳቦ መጋገሪያ» እያሉ መሸጥ ጀመሩ። የገዛው ሁሉ ዳቦ እንዳልጋገረበት መቼም አይጠፋችሁም! ክልከላው በዲሴምበር 1933 ተነሣ። ለቤተሰብ ፍጆታ ወይን በቤት መጥመቅም ተፈቀደ። ቢራ ግን ከፈቃዱ ውጪ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ለአርባ አምስት ዓመታት ማጀቱ ውስጥ ቢራ የጠመቀ አሜሪካዊ፣ ለራሱም ይሁን ለጎረቤቱ፣ በፌዴራል ሕግ ጥፋተኛ ነበር።

ታዲያ ለምን ይጠምቃሉ? ገበያው ውስጥ ያለው ቢራ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለነበረ ነዋ። ጥቂት ግዙፍ ፋብሪካዎች በቆሎና ሩዝ የተጨመረበት፣ ቀለሙም ጣዕሙም ቀጠን ያለ ቢራ አገሩን አጥለቅልቀውት ነበር። ሌላ ጣዕም የፈለገ ድስት መጣድ ነበረበት።

ጃክ ማክኦሊፍ ከእነዚህ አንዱ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባልደረባ ሆኖ ስኮትላንድ ሳለ የእንግሊዞቹን ኤል ለመደ፤ በቤት መጥመቅም ጀመረ። አገሩ ሲመለስ ያንን ጣዕም አጣው። በ1976 ካሊፎርኒያ ሶኖማ ውስጥ ከሱዚ ስተርን እና ከጄን ዚመርማን ጋር ሆኖ ኒው አልቢዮን የተባለች ትንሽ ጠመቃ ቤት ከፈተ። መሣሪያው የለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ ይመላለስበት የነበረ በርሜልና ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ብረት ነበር። ሁለቱ ሴቶች ግን በታሪኩ ውስጥ ብዙ ጊዜ በግርጌ ነው የሚጠቀሱት። (ይህቺንስ ከእኛም አገር እናውቃታለን።)

እነማክኦሊፍ ድስት ውስጥ የጨመሩት ሆፕስ ካስኬድ ይባላል። በኦሪገን ክፍለ ሀገር የመንግሥት ተመራማሪዎች የእንግሊዙን ፈግል ከሩሲያ ዝርያ ጋር አዳቅለው ያወጡት ሲሆን ለገበሬ የተለቀቀው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ የእሱ ነው።

ኒው አልቢዮን በ1982 ከሰረች፤ ተዘጋች። ታሪኳ ግን እዚያ አላለቀም። መሣሪያዋ፣ እርሾዋና ሁለት ጠማቂዎቿ ወደ ሰሜን ተጉዘው ሆፕላንድ ወደምትባል መንደር ገቡ። ስሟ ራሱ ከሆፕስ የመጣ ነው፤ ድሮ ዙሪያዋን የሆፕስ እርሻ ነበረ። እዚያ በ1983 የተከፈተው ሜንዶሲኖ ጠመቃ ቤት ሬድ ቴይል የሚባል ቀይ ኤል አወጣ። ዛሬ የአሜሪካ አምበር ኤል ከሚባሉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቀለሙ ነው። ለምን ቀይ? እንደሚመስለኝ መልሱ ጓዳ ውስጥ ነው። የቤት ጠማቂ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያው ከቆርቆሮ ሽሮፕ ነው፤ ሽሮፕ ደግሞ ሲፈላ ይጠቁራል፤ ነጣ ያለ ቢራ ላድርግ ብትሉ እሺ አይላችሁም። ስለዚህ ካራሜል ብቅል ይጨመርበታል። ይህ ብቅል ገና እርጥብ ሳለ ይሞቃል፤ ስታርቹ እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ ስኳር ይሆናል፤ ከዚያ ሲቆላ ይቀላል። እርሾ ጨርሶ የማይበላው ጣፋጭነትም ይተዋል። አሻሮ ቆልታ ጠላዋን የምታጠይም እናት ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልጋትም።

ማስተካከሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለ19 ሊትር ግማሽ ኪሎ ያህል ካራሜል ብቅል ደህና ነው፤ ኪሎ ከሆነ ቢራው አፍ ላይ ይጣበቃል። ጀማሪው ደነገጠና ሆፕስ ጨመረ እንበል። ከፈላበት መጀመሪያ ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ከተቀቀለ የሚሰጠው መራራነት ብቻ ነው፤ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ያው ሆፕስ ግማሹ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች፣ ወይም እሳቱ ሲጠፋ ቢገባ ግን መራራነቱ ይቀንስና ሽታው ይቀራል። እና ብልሁ ጠማቂ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይጠብቃል፤ ይቀምሳል። ኬን ግሮስማን ቺኮ ከተማ ውስጥ የቤት ጠመቃ ዕቃ ሱቅ የከፈተው በ1976፣ ማለትም ሕጉ ገና ሳይነሣ ነበር። ከዚያ በኋላ ሲየራ ኔቫዳን መሥርቶ በ1980 መጥመቅ ሲጀምር፣ ዛሬ ስሙ የገነነው ፔል ኤል እስኪስተካከልለት ድረስ በርሜል በበርሜል እየደጋገመ ደፍቷል።

ሕጉ ራሱ የተለወጠው እንዲህ ነው፤ የካሊፎርኒያው ሴናተር አለን ክራንስተን አንድ የማሻሻያ አንቀጽ አስገቡ፤ ፕሬዚዳንት ካርተር ኦክቶበር 14 ቀን 1978 ፈረሙበት። ከፌብሩዋሪ 1979 ጀምሮ አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ማለትም 378 ሊትር ገደማ፣ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት ደግሞ እጥፉን መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን ክልክል ነው። ክፍለ ሀገራቱ ግን የየራሳቸውን ሕግ ማንሣት ነበረባቸው፤ አላባማና ሚሲሲፒ እስከ 2013 ቆይተዋል። ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ ተቀምጣ ለፋሲካ ጠላ የምትጠነስስ ሐበሻ እናትም ስሙን ሰምታ ባታውቅም የምትጠምቀው በዚሁ ሕግ ነው።

በዚያው በ1978 ቻርሊ ፓፓዝያን የሚባል የሕፃናት መምህር ኮሎራዶ ውስጥ የቤት ጠማቂዎችን ማኅበር አቋቋመ፤ በ1984 ደግሞ መጽሐፍ አወጣ። እኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰዎቹ የወደቀውንም የተሳካውንም ጽፈው ለጎረቤት ሰጡ። እኛ ዘንድስ? ጌሾው ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «እያየሽ ነዋ!» ነው። ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ እንጨቱ እንደሚመረጥ፣ ጋኑ በወይራ እንደሚታጠን፣ ጥንስሱ መቼ እንደሚበቃ የሚያውቀው የእናቶቻችን እጅ ነው። ዕውቀቱ ከማንም አያንስም፤ ዳሩ ግን የሚጽፈው ስለሌለ ባለሙያዋ ስታልፍ አብሮ ያልፋል፤ እስካለች ድረስ ደግሞ «ጠላ ሻጭ» እንላታለን።

የጻፉትም ቢሆኑ ሁሉን አላተረፉም። የሬድ ቴይሉ ሜንዶሲኖ በ2018 ተዘጋ። አንድ የቤት ጠማቂ ምድር ቤቱ ውስጥ ሞክሮ በ1991 ለገበያ ያበቃው ፋት ታየር የተባለው ዝነኛ አምበር ኤልም በ2023 አሠራሩ ተለውጦ ቀለሙ ወደ ወርቃማ ሄደ። ያንን የድሮውን ቀይ የሚፈልግ አሜሪካዊ ደብተሩን ገልጦ ድስቱን ይጥዳል።