በጤና ውሳኔ ላይ የነዋሪው ድርሻ

ተሳትፎ ሲባል ብዙዎቻችን ስብሰባ ተጠርቶ፣ ሰምቶ መመለስ ይመስለናል። ተሳትፎ ማለት ግን ውሳኔው ሳያልቅ መጠየቅ፣ መልሱንም መከታተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የአልማ አታ መግለጫ ሰዎች የጤና አገልግሎታቸውን በማቀድና በመተግበር የመሳተፍ መብትም ግዴታም እንዳላቸው ይናገራል።

እኛ እዚህ ሾዋክ አካባቢ ያለን ስደተኞች ነን፤ ቀበሌ የለን፣ አንመርጥ። በማስተምርበት ካምፕ ሽንት ቤት ሲቆፈር «የት ይሁን?» ብሎ የጠየቀን አልነበረም። ቦታው ሩቅና ጨለማ ስለሆነ ሴት ተማሪዎቼ ማታ አይሄዱም፤ ሜዳ ላይ መጸዳዳቱም አልቀረም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ገዳሪፍ ውስጥ መግባቱ የታወጀው ኮሌራ ደግሞ የሚዛመተው በሰገራ በተበከለ ውኃና ምግብ ነው።

ስደተኛ ብንሆንም የምንጠይቅበት መለኪያ አለን። ስፌር የተባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መመሪያ የሚከተለውን ይላል፦

• አንድ ሽንት ቤት ለ20 ሰው፣ ከመኖሪያ ከ50 ሜትር ያልራቀ
• ጉድጓዱ ከከርሰ ምድር ውኃ መቅጃ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ
• ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ
• ቦታ ሲመረጥ ተጠቃሚዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ እንዲማከሩ

ስለዚህ ኮሚቴ ስትመርጡ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች አስገቡ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቀን ጻፉበት፣ ቅጂውን ያዙ። ዋናው ነገር ጊዜው ነው፤ ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ማን ይሰማናል?