ተቃኚ የማይክሮዌቭ ኦሲሌተር ሰርኪዩት ንድፍ፡ መሠረታዊ ማብራሪያ

ይህ ማብራሪያ በሬዲዮ ኤሌክትሮኒክስ ዘርፍ ለተሰማሩ ተማሪዎች፣ የጥገና ባለሙያዎች፣ የፈጠራ ባለቤቶችና አምራቾች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ፍሪኩዌንሲው እንደ አስፈላጊነቱ የሚቃኝ የማይክሮዌቭ ኦሲሌተር እንዴት እንደሚነደፍ ማስረዳት፣ እንዲሁም በንድፍ ወቅት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን ስህተት ማመልከት ነው።

የኦሲሌተር ምንነት

ኦሲሌተር ከኃይል ምንጭ የሚያገኘውን ቀጥተኛ ከረንት ወደ ሞገድ የሚቀይር ሰርኪዩት ነው። ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ማጉያና ሬዞኔተር ናቸው። ከማጉያው ከሚወጣው ሞገድ ከፊሉ በሬዞኔተሩ አልፎ ወደ ማጉያው መግቢያ ይመለሳል። ሞገዱ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ሁለት ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። አንደኛው፣ በአንድ ዙር የሚባክነውን ኃይል ማጉያው ሙሉ በሙሉ መተካት አለበት። ሁለተኛው፣ ተመላሹ ሞገድ ከመነሻው ጋር በፌዝ መገጣጠም አለበት። ኦሲሌተሩ በቅዝቃዜም ሆነ በሙቀት በራሱ እንዲነሣ ግን በመነሻው ላይ ያለው የማጉላት መጠን ከዚህ ዝቅተኛ ልክ በበቂ ሁኔታ መብለጥ ይገባዋል።

ከዲሽ እስከ ሪሲቨር፡ አንድ ምሳሌ

በየጣሪያው የሚታየው የሳተላይት ዲሽ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ይቀበላል። በዲሹ ፊት የተተከለው ኤል ኤን ቢ በውስጡ 9.75 እና 10.6 ጊጋኸርዝ የሆኑ ቋሚ ሞገዶችን በማመንጨት የተቀበለውን ሞገድ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ወዳለው ክልል ያወርደዋል። ለምሳሌ በ11,000 ሜጋኸርዝ የሚተላለፍ ጣቢያ በኬብሉ ወደ ሪሲቨሩ የሚደርሰው 1250 ሜጋኸርዝ ሆኖ ነው። ከዚህ ሰፊ ክልል ተመልካቹ የፈለገውን ጣቢያ የሚለየው በሪሲቨሩ ውስጥ ያለው ተቃኚ ኦሲሌተር ነው። ሞገዱን በቀጥታ በሚቀይሩ ሪሲቨሮች ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል በሙሉ መሸፈን ይኖርበታል።

ፍሪኩዌንሲው የሚቃኝበት መንገድ

የሬዞኔተሩ ፍሪኩዌንሲ የሚወሰነው በኢንዳክተሩና በካፓሲተሩ ልክ ሲሆን፣ የካፓሲተሩ መጠን በአራት እጥፍ ሲቀንስ ፍሪኩዌንሲው በሁለት እጥፍ ይጨምራል። ለመቃኘት በስፋት የሚያገለግለው ቫራክተር ዳዮድ ነው። በዳዮዱ ላይ የሚያርፈው የተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ሲጨምር ካፓሲታንሱ ይቀንሳል፤ ፍሪኩዌንሲውም ከፍ ይላል።

ለተጠቀሰው ሪሲቨር 5 ናኖሄንሪ ኢንዳክተር ቢመረጥ፣ ካፓሲታንሱ ከ5.6 እስከ 1.1 ፒኮፋራድ ድረስ መለዋወጥ አለበት። ይህም ከ5 እጥፍ በላይ ለውጥ ነው። ስሌቱ በወረቀት ላይ ትክክል ይሁን እንጂ የሰርኪዩት ሰሌዳው መስመሮችና የትራንዚስተሩ እግሮች የራሳቸው ካፓሲታንስ አላቸው። ይህ ተጨማሪ መጠን 1 ፒኮፋራድ ብቻ ቢሆን እንኳ የላይኛው የፍሪኩዌንሲ ጣሪያ ከ2150 ወደ 1550 ሜጋኸርዝ ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ጣቢያዎችም አይገኙም። ስለዚህ ሰርኪዩቱን የሚነድፈው ባለሙያ የሰሌዳውን ካፓሲታንስ ከመጀመሪያው በስሌቱ ውስጥ ማስገባት፣ በሬዞኔተሩ ዙሪያ ያሉትንም መስመሮች ማሳጠር ይኖርበታል።

ስፋትና ጥራት

በተቃኚ ኦሲሌተር ንድፍ ዋናው ጥያቄ የመቃኛ ክልሉን ስፋት ከሞገዱ ጥራት ጋር ማመዛዘን ነው። 1200 ሜጋኸርዝ የሚሆነውን ክልል በሙሉ በአንድ ቫራክተርና በ12 ቮልት የመቃኛ ቮልቴጅ ለመሸፈን ቢሞከር፣ እያንዳንዱ ቮልት በአማካይ 100 ሜጋኸርዝ ያንቀሳቅሳል። በዚህ ጊዜ በመቃኛው መስመር ላይ የ1 ሚሊቮልት ረብሻ ብቻ ቢኖር ፍሪኩዌንሲው በ100 ኪሎኸርዝ ይዋዥቃል። ቫራክተሩ የታሰበውን ቮልቴጅ ከረብሻው ለይቶ ስለማያውቅ ለሁለቱም እኩል ይታዘዛል።

መፍትሔው ሥራውን መከፋፈል ነው። ቋሚ ካፓሲተሮችን በኤሌክትሮኒክ ማብሪያና ማጥፊያ በማስገባትና በማውጣት ክልሉ በከፊል በሚደራረቡ 8 ንዑሳን ክልሎች ይከፈላል። እያንዳንዱ 200 ሜጋኸርዝ ቢሸፍን፣ ቫራክተሩ በአንድ ቮልት የሚያንቀሳቅሰው ወደ 17 ሜጋኸርዝ ብቻ ይሆናል። ያው የ1 ሚሊቮልት ረብሻም ከ17 ኪሎኸርዝ ያልበለጠ መዋዠቅ ያስከትላል።

ሁለተኛው የጥራት ምንጭ ሬዞኔተሩ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዴቪድ ሊሰን ባቀረበው ሞዴል መሠረት፣ ብክነቱ አነስተኛ የሆነ ሬዞኔተር ከመሀለኛው ፍሪኩዌንሲ አጠገብ የሚታየውን የፌዝ ረብሻ ይቀንሳል። የሬዞኔተሩ የጥራት ልክ በእጥፍ ሲያድግ ረብሻው በ6 ዴሲቤል ይወርዳል።

እጅግ ሰፊ ክልልና ንጹሕ ሞገድ በአንድነት በሚያስፈልጉባቸው የመለኪያ መሣሪያዎች ዪትሪየም አይረን ጋርኔት ከተባለ ማዕድን የተሠራች ትንሽ ሉል እንደ ሬዞኔተር ታገለግላለች። ፍሪኩዌንሲዋ በ1 ጋውስ የማግኔት ኃይል 2.8 ሜጋኸርዝ ያህል ይጨምራል። ሆኖም ማግኔቱ ከፍተኛ ከረንት ይፈልጋል፤ አቀያየሩም ከቫራክተር የዘገየ ነው።

ፍሪኩዌንሲውን ማስከበር

ተቃኚ ኦሲሌተር ብቻውን ሲተው በሙቀት፣ በኃይል ምንጭ መለዋወጥና በተገናኘበት ጭነት ምክንያት ከቦታው ይንሸራተታል። ስለሆነም የሚከተሉት ተግባራት ይመከራሉ፦

1. በፌዝ ሎክድ ሉፕ ከኳርትዝ ክሪስታል ጋር ማቆራኘት። ለምሳሌ 1250 ሜጋኸርዝ ለ1250 ተካፍሎ የሚገኘው 1 ሜጋኸርዝ ከክሪስታሉ ማመሳከሪያ ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነት ሲኖር የመቃኛው ቮልቴጅ ወዲያውኑ ይታረማል።
2. ለኦሲሌተሩ ረብሻው አነስተኛ የሆነ የራሱ ቮልቴጅ ተቆጣጣሪ መመደብ።
3. በኦሲሌተሩና በጭነቱ መካከል ለይቶ የሚያቆም ማጉያ ማስገባት።
4. በስፔክትረም አናላይዘር በእያንዳንዱ ንዑስ ክልል ዳርቻ፣ በዝቅተኛና በከፍተኛ ሙቀት መፈተሽ።

ከሙከራ በፊት

ከቦታው የተንሸራተተ ኦሲሌተር ከአንቴና ጋር ሲገናኝ ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይወሰንም፤ ፈቃድ ባለው የሌላ ሰው ፍሪኩዌንሲ ላይ ገብቶ አገልግሎቱን ሊያውክ ይችላል። በዚህ ምክንያት የላቦራቶሪ ሙከራ በ50 ኦም ሰው ሠራሽ ጭነትና በብረት ሣጥን ውስጥ መከናወን ይኖርበታል። በሀገራችን የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ አጠቃቀም በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የሚመራ ሲሆን፣ የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማንኛውም ተገልጋይ የሠራውን መሣሪያ ከአንቴና ጋር አገናኝቶ ከማሰራጨቱ ወይም ለገበያ ከማቅረቡ አስቀድሞ፣ የፍሪኩዌንሲ ክልሉን፣ የኃይል መጠኑንና የፍተሻ ውጤቱን በሰነድ አዘጋጅቶ ባለሥልጣኑን እንዲያማክር ይመከራል።