ታላቅና ትልቅ

በፈረንሳይ ቋንቋ «ግራን» የሚባል ቅጽል አለ። ትርጉሙም ብዙ ነው፤ ቁመቱ የረዘመውን፥ ወርዱ የሰፋውን፥ ዕድሜው የበለጠውን፥ ክብሩ የላቀውን ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቀልላል። ነገር ግን ምሥጢሩ በቃሉ ሥፍራ ይለያል። ቅጽሉ ቀድሞ «ግራን ኦም» ሲባል በሥራው የከበረ ሰው ማለት ነው፤ ተከትሎ «ኦም ግራን» ሲባል ግን ቁመተ ረጅም ሰው ማለት ብቻ ይሆናል።

በግእዝ ቅጽል ከስሙ በፊትም ከስሙ በኋላም ይገባል፤ የቅኔ ተማሪም ቤቱ እንዲመታለት ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል፤ ትርጉሙ ግን በዚህ አይለወጥም። አማርኛ ደግሞ ልዩነቱን በሥፍራ ሳይሆን በፊደል ያሳያል። በግእዝ «ልህቀ» አደገ፥ ሸመገለ ማለት ነው። ከዚህ ግንድ የበቀለው «ሊቅ» አስቀድሞ የሽማግሌና የአለቃ ስም ሲሆን ኋላ የዐዋቂ መጠሪያ ሆነ። «ላቀ»፥ «ታላቅ»ና «ትልቅ»ም የዚሁ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ከድብ ባሕር ተነሥቶ ልማሊሞን የሚወጣ መንገደኛ በፊቱ የቆመውን ገደል ትልቅ ይለዋል፤ አብሮት የሚወጣውን ወንድሙን ግን፥ በቁመት ቢያንሰውም እንኳ፥ በዕድሜ ከቀደመው ታላቄ ይለዋል። ሆኖም «ትልቅ ሰው» ሲባል ዕድሜና ክብር እንጂ የገላ ግዝፈት አይደለምና ሁለቱ ቃላት ፈጽመው አልተለያዩም።

ይህ ቅጽል በአንድ ዘመን የሁለት ነገሥታት መጠሪያ ሆኗል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1699 ሻርል ዣክ ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከግብጽ በስናር በኩል ጎንደር ገብቶ ዐፄ ኢያሱን አከመ። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ነግሦ የነበረው ሉዊ 14ኛ ነው። የፓሪስ ከተማ ሹማምንት በ1680 «ሉዊ ለ ግራን» የሚለውን ስም ሰጥተውት ነበር፤ ቅጽሉ በንጉሥ ስም ላይ ሲቀጠል ተከትሎም ቢገባ ክብርን ያመለክታልና። ኢያሱንም አገሩ ታላቁ ኢያሱ ይለዋል።

ፍጻሜያቸው ግን አልተመሳሰለም። ሉዊ እስከ 1715 ነግሦ በቬርሳይ በአልጋው ላይ ሞተ። ኢያሱ በ1706 ወደ ጣና ደሴት ገለል ባለ ጊዜ ልጁ ተክለ ሃይማኖት ነገሠበት፤ በዚያው ዓመትም በልጁ ወገኖች እጅ ተገደለ። ለሉዊ ስሙን የሰጡት እርሱ በሥልጣኑ ሳለ የሚገዙለት ሹማምንት ናቸው። ከኢያሱ ግን ዘውዱም ሕይወቱም ከተወሰደ በኋላ ቅጽሉ አልተወሰደበትም። ትልቅነት በዓይን ይታያል፤ ታላቅነትን ግን የሚመሰክሩት ከሰውየው ምንም የማይጠብቁ ናቸው።