ጓያ፣ ጎያ እና እግራችን

«ምግብ መድኃኒት ነው» የማይል ሰው ዛሬ ከተማችን ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ለስኳሩ አብሽ፣ ለግፊቱ ነጭ ሽንኩርት፣ ለጨጓራው ተልባ፣ ለቀረው ሁሉ ሞሪንጋ ይታዘዛል። ለነርቭ በሽታም የምግብ ዝርዝር አልጠፋም። ብዙ ከተባለላቸው መካከል መልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚባለው በሽታ የሚታዘዘው አንዱ ነው፦ ስብ ተው፣ ስንዴ ተው፣ ወተት ተው፣ ቅጠል ብላ፣ ዓሣ ብላ፤ እግርህ ይጸናል።

እኛም ይህን እየሰማን አንድ ነገር እንጠይቅ አልን። ለመሆኑ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ማድቤትና ነርቭ፣ ድስትና እግር በእርግጥ ተገናኝተው ያውቃሉ? ያውቃሉ እንጂ! ያውም በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎችን ምርኩዝ ያስያዘ ታሪክ ነው። ስሙም ጓያ ይባላል።

መጀመሪያ ግን ስለ ፈረንጁ በሽታ

መልቲፕል ስክለሮሲስን እንደ አንድ በሽታ ለይቶ የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1868። በዚህ በሽታ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ፊቱን አዙሮ የነርቮችን ሽፋን ያጠቃል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲኩ ሲላጥ ምን እንደሚሆን ያሰቡ እንደሆነ ነገሩ ይገባዎታል። ዓይን ይደበዝዛል፣ እግር ይከብዳል፣ ሽንት አልታዘዝ ይላል፣ ድካሙ አልጋ ላይ ይጥላል። ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ምልክቶቹ ለጊዜው ይብሳሉ። በሽታው ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ይበዛል፤ በእኛ ዘንድ ብዙም አይታወቅም።

በምግብ ለመግታት የተደረገው ሙከራ ግን ረጅም ታሪክ አለው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሮይ ስዋንክ የተባለ ሐኪም ሞንትሪያል ከተማ ላይ ሕመምተኞቹን ከቅቤና ከሥጋ ስብ ከልክሎ ለብዙ ዓመታት ተከታተላቸው። የታዘዙትን የጠበቁት ተሻላቸው አለ። ችግሩ የሚያነጻጽርበት ሌላ ቡድን አለመያዙ ነው። ምግቡ ይሁን የጠቀማቸው፣ ወይስ ቀድሞም ሕመማቸው ቀለል ያለው ሰዎች ይሆኑ ትእዛዙን መጠበቅ የቻሉት? መለየት አይቻልም። ከእርሱ በኋላም ብዙ ዓይነት አመጋገብ ተሞከረ፤ የበሽታውን ጉዞ ይለውጣል ብሎ አፍ ሞልቶ ለመናገር የሚያበቃ ማስረጃ ግን እስካሁን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ወታደሮች ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት ጣቱን የቀሰረው በምግብ ላይ ሳይሆን ኤፕስታይን ባር በተባለ ቫይረስ ላይ ነው።

እንዲህ ስንል ምግብ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። አትክልትና ጥራጥሬ ለሆድ ድርቀቱ፣ ክብደትን መጠበቅ ለደከመው እግር፣ ቫይታሚን ዲ ለሚያንሳቸው ደግሞ እርሱን ማሟላት ይረዳል። መድኃኒት ጥሎ ቅጠል ማንሳት ግን ሌላ ነገር ነው። የበሽታውን ማገርሸት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ዛሬ አሉና።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ።

ድርቅ የማይገድለው እህል

ጓያን የሚያውቅ ገበሬ ያመሰግነዋል። ክረምቱ ሲያበቃ በጥቁር አፈር ላይ ይዘሩታል፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ባይመጣ አፈሩ ባቋተው እርጥበት ያድጋል። ውሃ ቢተኛበት አይበሰብስም፣ ዝናብ ቢቀር አይደርቅም። ማዳበሪያ ስጡኝ፣ አርሙኝ ብሎ አያስቸግርም። ገንቢ ምግብነቱም (ፕሮቲኑ) የሚናቅ አይደለም። ዋጋው ከአተርና ከሽምብራ ይረክሳል። ባጭሩ የድሃ ወዳጅ ነው።

ታዲያ ይህ ወዳጅ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ፍሬው ውስጥ ሳይንቲስቶች ኦዳፕ የሚሉት መርዝ አለ። ይህ መርዝ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሕንድ ውስጥ ነው። ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ፣ ሌላ ሳይቀላቅል፣ ለወራት የበላ ሰው አንድ ቀን ጡንቻው ይኮማተራል፣ ጉልበቱ ይከብደዋል። ማታ ደህና የተኛው ጠዋት መነሻ ሊያጣ ይችላል። እግሮቹ ይገተራሉ፤ ሲራመድ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ቀለል ያለለት በአንድ በትር፣ የከበደው በሁለት ምርኩዝ፣ የባሰበት በእጁ እየዳኸ ይቀራል። አእምሮው ንጹሕ ነው፣ ዕድሜውም አያጥርም፤ የተጎዳው ነርቭ ግን አይመለስም። ጓያውን ቢተው በሽታው ባለበት ይቆማል እንጂ እግሩ አይታደስም። ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትና የአካል ማሠልጠኛ ግትርነቱን ያስታግሳሉ፤ ከዚያ በላይ ተስፋ መስጠት ሐሰት ይሆናል።

ይባስ ብሎ ድርቅ ሲበረታ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝም ይጨምራል። ሌላው እህል በሚጠፋበት፣ ሰው ጓያ ብቻ በሚበላበት በዚያው ዓመት ማለት ነው።

ጎያ የሣለው ጓያ

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1671 በጀርመን ምድር የዉርተምበርግ መስፍን ጓያ ከዳቦ ዱቄት ጋር እንዳይቀላቀል በአዋጅ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1811 እና በ1812 ማድሪድ በጦርነት ምክንያት ስትራብ ሕዝቡ የተረፈው በጓያ ገንፎ ነበር። ያንን ረሃብ ያየው ታላቁ ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ (የስሙ መመሳሰል የእኛ ቀልድ አይደለም!) «ለጓያ ምስጋና ይግባው» የሚል ርዕስ የሰጠውን ሥዕል ቀረጸ። በሥዕሉ ላይ ሰዎች ገንፎውን ከብበው ሲበሉ አንዲት ሴት ከፊት መሬት ላይ ተጋድማለች። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች እግሯ የተያዘ ሴት ናት ይላሉ። ጓያን እያመሰገኑ በጓያ መውደቅን በአንድ ሥዕል የጨረሰ ሰው ከጎያ ሌላ አናውቅም።

ከሁሉ የሚከፋው የቫፕኒያርካ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ፣ በሩማንያ ሥር በነበረው በዚህ የዩክሬን እስር ካምፕ ለከብት የሚሰጠውን ጓያ ለአይሁድ እስረኞች አበሏቸው። በሳምንታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት እግራቸው ተያዘ። ምክንያቱን የደረሱበት ከእስረኞቹ መካከል የነበሩ ሐኪሞች ናቸው፤ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ዶክተር አርተር ኬስለር ነው። እስረኞቹ አንበላም ብለው አመጹ። ባዶ ሆድ ይዞ ምግብ እምቢ ማለት! የመረጡት ግን እግራቸውን ነው።

ሕንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን በሕግ ከለከለች። ሕግ ወጣ እንጂ ድሃው ማሳው ላይ የበቀለውን መብላቱን አልተወም።

ደምቢያ፣ ፎገራ፣ ደላንታ

ወደ እኛ ስንመጣ እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በጣና ዙሪያ፣ በደምቢያና በፎገራ፣ የጓያ በሽታ ወረርሽኝ ሆኖ ተነሳ። ከዓመታት በኋላ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚያው አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕመምተኞችን ቆጠሩ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተሙ።

ከዚያ ደላንታ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 በወሎ ደጋ፣ በደላንታና ዳውንት፣ ዝናብ ቀረ። ገብሱም ስንዴውም ሲጠፋ ጓያ ብቻ ቆመ። በ1997 ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች እግራቸውን ተያዙ። ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ገና ምንም ያላዩ ልጆችም ነበሩባቸው። ወሬውን ለዓለም ያሰማው ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ጽሑፍ ነው።

ድስቱ ሲመረመር

እኛን የገረመን ግን ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። በየገጠሩ ስለ ጓያ የሚባለው ብዙ ነው፦ እንፋሎቱ ነው የሚይዘው፣ ጭዱ ላይ መተኛት ነው፣ ማሳው ውስጥ መሄድ ነው። ዶክተር ኃይለየሱስና ተባባሪዎቹ የታመሙትንም፣ በዚያው መንደር ያልታመሙትንም ጠየቁ። ምን በላችሁ? እንዴት ሠርታችሁ? ከምን ጋር? ስዋንክ ያልያዘውን ማነጻጸሪያ እነርሱ ያዙ።

መልሱ እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት ላይ ወጣ። እሸቱን የበሉ፣ ቆሎውን የቆረጠሙ፣ ንፍሮውን የበሉ በብዛት ተያዙ። በእንጀራ፣ በቂጣ ወይም በሽሮ መልክ የበሉት ላይ ግን እንዲህ ያለ የጎላ አደጋ አልታየም። ሽሮውን ከቅመማ ቅመም ጋር የሠሩት፣ ጓያውንም ከእህል የቀላቀሉት ከሌሎቹ በተሻለ ተረፉ። ጓያ የሚጎድለው ድኝ አዘል የፕሮቲን ንጥረ ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ ጤፍን፣ ማሽላንና ገብስን በመሳሰሉ እህሎች ውስጥ ይገኛል። መርዙም በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ብዙውን ያስወግደዋል።

እንግዲህ ይህ ነው «ምግብና ነርቭ» ሲባል ማስረጃ ማለት። እነማን በሉ፣ እነማን አልበሉም፣ እነማን ታመሙ ብሎ መቁጠር።

ካራቆሬ ላይ ቆመን ስናየው

ካራቆሬን ብዙ ሰው የሚያስታውሳት ግንቦት 1953 ዓ.ም. በጀመረው፣ ማጀቴን ባፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። እኛ ግን እዚህ የምናነሳት አቀማመጧ ስለሚያስተምር ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ፣ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ወደ ደሴ የሚወጣው አውራ ጎዳና መሐሏን ይሰነጥቃል። በምዕራብ የመንዝና የግሼ ደጋ ተደርድሯል፤ ወደ ምሥራቅ የይፋት ቆላ እስከ አፋር ይወርዳል። ቆላው የማሽላ፣ የጤፍና የማሾ አገር ነው፤ ደጋው የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ።

አሁን ከላይ ያልነውን ያስታውሱ። የጓያ ማርከሻው እህል ነው። የቆላው ማሽላ ወደ ደጋ፣ የደጋው ጥራጥሬ ወደ ቆላ በሚለዋወጥበት ገበያ ላይ ማንም ሐኪም ሳያዝዘው ድብልቁ በየቤቱ ይበስላል። ገበያው ሲቆም ግን ድብልቁም ይቆማል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሰው ወደዚሁ አውራ ጎዳና ወርዶ፣ መኪና እያስቆመ ምግብ ሲለምን ቆላውም ደጋውም አንድ ላይ ባዶ ሆነው ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን «ጓያህን ከማሽላ ቀላቅል» ብሎ ምክር ከስድብ በምን ይለያል?

ስለዚህ የጓያን በሽታ ባለማወቅ ብቻ የመጣ ነው የሚሉትን አንቀበልም። ዘፍዝፎ መድፋት ውሃ ይጠይቃል፤ ውሃው ሩቅ ነው። ደጋግሞ መቀቀል እንጨት ይጠይቃል፤ እንጨቱ የለም። በቅመም መሥራት ሽንኩርትና ዝንጅብል ይጠይቃል፤ ብሩስ? እረኛው ልጅ ማሳ ውስጥ እሸቱን የሚጠረጥረው ቤቱ ምሳ ስለሌለ ነው። የላንሴቱ ጽሑፍ ርዕስ ራሱ ስለ እርዳታ እህል የሚያወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ስንዴው ቀድሞ ቢደርስ፣ ሰው ሳይወድቅ፣ ድብልቁ ይሠራ ነበር።

የአገራችን ተመራማሪዎችም ዝም አላሉም። ደብረ ዘይት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ዋሴ የተባለ፣ መርዙ ዝቅ ያለ የጓያ ዝርያ አውጥቷል። ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን መርዙ እንደ አፈሩና እንደ ድርቁ ስለሚለዋወጥ ዘሩ ብቻውን አያድንም።

የከተማው ሽሮስ?

«እኛ የምንበላው ሽሮ ውስጥም እኮ ጓያ ይቀላቀላል» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ ይቀላቀላል። ሳይነግሩ መቀላቀሉ ማጭበርበር ነው፤ እግር ግን አይሰብርም። በሽታው የሚመጣው ጓያ ከዕለት ምግባችን ሲሶውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ለወራት ሲበላ ነው። ሽሮውን በጤፍ እንጀራ፣ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር የሚበላ ከተሜ የደላንታውን ማርከሻ ሳያውቀው ይበላል። የከተሜው መድኃኒት ዕውቀቱ ሳይሆን የገበታው ብዛት ነው።

መልቲፕል ስክለሮሲስ ይዟቸው «ይህን ብትበሉ ትድናላችሁ» ለሚባሉትም ከጓያ የምናቀብለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እነማን ላይ ተሞከረ፣ ከእነማን ጋር ተነጻጸረ ብላችሁ ጠይቁ። የደላንታ ገበሬዎች የተቆጠሩትን ያህል ያልቆጠረ ሻጭ እግራችሁን አደራ አይቀበል። ሁለተኛው፣ ምግብ መንስኤ መሆኑ በተረጋገጠበት በጓያ እንኳ ምግብ ይከላከላል እንጂ የተሰበረውን አይጠግንም። መድኃኒታችሁን አትጣሉ።

ለቀረነው ደግሞ፦ ድርቅ ሲወራ ሁላችንም የሞተውን እንቆጥራለን። ከሞት ተርፎ በሁለት ምርኩዝ የቀረውንስ ማን ይቆጥረዋል? ጓያ አልገደለውም፤ እንዲያውም ያቆየው ጓያ ነው። ጎያ «ምስጋና ይግባው» ብሎ ሥዕሉ ላይ የጻፈው ይህን አይቶ ነው። በሚቀጥለው የድርቅ ዓመት እህሉ ከጓያው ቀድሞ ከደረሰ፣ ያን ጊዜ እኛም እናመሰግናለን።