ጄሲ ፎሴት፦ ከመምህርነት እስከ ሥነ ጽሑፍ አዘጋጅነት

አንድ መጽሐፍ ዝና ባገኘ ጊዜ የሚመሰገነው ደራሲው ነው። የእጅ ጽሑፉን ከሁሉ አስቀድሞ ያነበበው፣ «ይህ ይታተም፤ ይህ ገና ይታረም» ያለው፣ ለጀማሪው የማበረታቻ ደብዳቤ የላከው አዘጋጅ ግን ስሙ ብዙ ጊዜ አይነሣም። በዚህ ረገድ የአዘጋጅ ሥራ ከመምህር ሥራ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ተማሪው ለወግ ለማዕረግ ሲበቃ ሰው የሚያየው ተማሪውን እንጂ ደብተሩን ያረመለትን መምህር አይደለም። ከዚህ በታች የቀረበው በሁለቱም ሙያ ያገለገለች የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄሲ ሬድመን ፎሴት በ1882 በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት ተወልዳ ያደገችው በፊላደልፊያ ከተማ ነው። አባቷ ቄስ ነበሩ። ቤተሰቡ ሀብት አልነበረውም፤ ንባብና ውይይት ግን የቤቱ ልማድ ነበር። በ1900 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በጥሩ ውጤት ብታጠናቅቅም፣ ብሪን ሞር የተባለው በአካባቢው የሚገኝ የሴቶች ኮሌጅ ጥቁር ተማሪ ላለመቀበል ሲል ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የምትሄድበትን መንገድ አመቻቸላት። በኮርኔል የጥንት ቋንቋዎችን አጥንታ በ1905 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች።

ይሁን እንጂ ባደገችበት ከተማ ለጥቁር መምህራን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በር ዝግ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ዓመት በባልቲሞር ካስተማረች በኋላ ወደ ዋሽንግተን ሄዳ፣ በኋላ ደንባር ተብሎ በተሰየመው የጥቁሮች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና ላቲን ማስተማር ጀመረች። በዚያም እስከ 1919 ድረስ ቆየች። በትርፍ ጊዜዋ የምትጽፋቸውን ግጥሞች፣ አጫጭር ልብ ወለዶችና የመጻሕፍት ሒሶች «ክራይሲስ» ለተባለው ወርኃዊ መጽሔት ትልክ ነበር።

«ክራይሲስ» በ1910 የተመሠረተ፣ ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለው ብሔራዊ ማኅበር ልሳን ነው። ዋና አዘጋጁ የታወቀው ምሁር ዶክተር ዱ ቦይስ ነበር። በ1919 በየወሩ የሚሸጠው ቅጂ ወደ 100,000 ደርሶ ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ጊዜው ጥቁሮች በብዛት ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተሞች የሚፈልሱበት፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ጥቁር ወታደሮችም በአገራቸው በደል የሚጠብቃቸው ዘመን ነበር። በዚያው ዓመት በጋ በቺካጎና በሌሎች ከተሞች በጥቁሮች ላይ ከባድ ጥቃት ደርሷል። አንባቢው ስለ ኑሮው የሚናገርለት ድምፅ ይፈልግ ነበር። ፎሴት ዱ ቦይስ ባቀረበላት ጥሪ ወደ ኒው ዮርክ ተዛውራ የመጽሔቱ የሥነ ጽሑፍ አዘጋጅ የሆነችው በዚህ ጊዜ ነው።

ሥራዋ በመጀመሪያ ደረጃ ማንበብ ነበር። ስማቸው ከማይታወቅ ሰዎች የሚመጣውን ጽሑፍ ታነባለች፣ ትመርጣለች፣ መልስ ትጽፋለች። ዱ ቦይስ ለሥራ ጉዞ በሚርቅበት ጊዜም የመጽሔቱ የዕለት ተዕለት ሥራ በአብዛኛው በእሷ ላይ ይወድቅ ነበር። ከዚህም በተጨማሪ ከጃንዋሪ 1920 እስከ ዲሴምበር 1921 ድረስ «ብራውኒስ ቡክ» የተባለ የልጆች መጽሔት አዘጋጅታለች። በዘመኑ የነበሩት ብዙዎቹ የልጆች መጻሕፍት ጥቁር ሕፃንን ወይ ጨርሰው አያነሡትም፣ ወይም መሳቂያ አድርገው ያቀርቡታል። ይህ መጽሔት ግን ሕፃኑ ራሱን በክብር እንዲያይ የታሰበ ነበር። በ24 እትሞች ያቆመው ደንበኞቹ ወጪውን ለመሸፈን ስላልበቁ ነው።

ለዚሁ የልጆች መጽሔት ጽሑፍ ከላኩት መካከል በ1920 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አባቱ ወደ ሜክሲኮ የሄደ አንድ ወጣት ነበር። ስሙ ላንግስተን ሂውዝ ይባላል። ስለ ሜክሲኮ ልጆች ጨዋታ የጻፈው አጭር ጽሑፍ በጃንዋሪ 1921 ታተመለት። ቀጥሎም በባቡር ወደ ሜክሲኮ ሲጓዝ፣ የሚሲሲፒን ወንዝ ሲሻገር የጻፈውን ግጥም ላከ። ስለ ወንዞችና ስለ ጥቁር ሕዝብ ረጅም ታሪክ የሚናገረው ይህ ግጥም በጁን 1921 በ«ክራይሲስ» ወጣ። ዛሬ በአሜሪካ ከሚታወቁት ግጥሞች አንዱ ነው። ካውንቲ ከለን፣ ጂን ቱመርና ሌሎችም ገና በጀማሪነታቸው በዚሁ መጽሔት ገጾች ላይ ታይተዋል።

ፎሴት ራሷም ደራሲ ነበረች። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ የተማሩ ጥቁሮችን ኑሮ የሚያሳይ ሲሆን፣ አንድ አሳታሚ «ነጭ አንባቢ ጥቁሮች እንዲህ ይኖራሉ ብሎ አይጠብቅም» በሚል ምክንያት መልሶላት ነበር። መጽሐፉ በ1924 በሌላ አሳታሚ ታተመ። በማርች 21 ቀን 1924 በኒው ዮርክ የተደረገው የእራት ግብዣ በመጀመሪያ የታሰበው ይህንኑ መጽሐፍ ለማክበር ነበር። ነገር ግን ግብዣው እየሰፋ ሄዶ ስለ ወጣት ጥቁር ደራስያን በጠቅላላው የሚነገርበት፣ ነጭ አሳታሚዎችና አዘጋጆችም የተገኙበት ትልቅ ስብሰባ ሆነ። የምሽቱ መሪ ፕሮፌሰር አሌን ሎክ ነበር። የሃርለም የሥነ ጽሑፍ ንቃት ለብዙ ሰው ይፋ የሆነው በዚያ ምሽት ነው ይባላል። የግብዣው ምክንያት የነበረችው ፎሴት የተናገረችው በመጨረሻ፣ ያውም በአጭሩ ነበር። ይህም ለብዙ ዓመታት ቅር ሲያሰኛት ኖሯል።

በ1926 ከ«ክራይሲስ» ለቀቀች። በማተሚያ ድርጅቶች የአንባቢነት ሥራ ስትፈልግም፣ ቀለሟ እንቅፋት ከሆነ በቤቷ ሆና ለመሥራት ፈቃደኛ መሆኗን እስከ መግለጽ ደርሳ ነበር። የሰባት ዓመት ልምድ ያላት አዘጋጅ ይህን ቃል ለመጻፍ መገደዷ ስለ ዘመኑ ብዙ ይነግረናል። ሥራው አልተገኘም። በመሆኑም ወደ ቀድሞ ሙያዋ ተመልሳ፣ ከ1927 እስከ 1944 በኒው ዮርክ በዴዊት ክሊንተን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ አስተማረች። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ሦስት ተጨማሪ ልብ ወለዶች አሳተመች፤ የመጨረሻው የወጣው በ1933 ነው። በ1961 በፊላደልፊያ አረፈች።

ሂውዝ በ1940 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ አዲሱን የጥቁሮች ሥነ ጽሑፍ ካዋለዱት ሦስት ሰዎች መካከል አንዷ እሷ መሆኗን መስክሯል። አዋላጅነት ተገቢ ምሳሌ ነው። አዋላጅ ልጁ የኔ ነው አትልም፤ ሆኖም በወሊዱ ሰዓት ባትደርስ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ማንም ይገምታል።

እኛም መምህራን በየሳምንቱ የድርሰት ደብተር እንሰበስባለን። ሃምሳና ስድሳ ደብተር ፊታችን ተከምሮ ሲመሽብን፣ የፊደል ግድፈቱን በቀይ አስምረንና ነጥብ ሰጥተን ማለፉ ይቀናናል። ፎሴትም የማታውቀው ወጣት የላከው ፖስታ ከሌሎች ፖስታዎች ጋር ተደራርቦ ነበር የደረሳት። ከፍታ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ መልስም ጻፈችለት።