«ዳቪድን ማን ገደለው?» ኖርቤር ዞንጎ እና የቡርኪና ፋሶ 16 ዓመታት

የባድመን ጦርነት ዘመን የሚያስታውስ ሰው ዋጋዱጉ የሚለውን ስም አይረሳውም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ያቀረበው የሰላም ማዕቀፍ በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. በመሪዎች ስብሰባ የጸደቀው በዚያች የቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ነው። የድርጅቱ የወቅቱ ሊቀመንበርም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ብሌዝ ኮምፓዎሬ ነበሩ።

እኛ በአስታራቂነታቸው ባወቅናቸው በዚያው ሳምንት፣ ከዋጋዱጉ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሳፑይ አቅራቢያ አንድ መኪና ከነተሳፋሪዎቹ ተቃጥሎ ተገኘ። ቀኑ ታኅሣሥ 4 ነበር። ከሞቱት አራት ሰዎች አንዱ «ሊንዴፓንዳን» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ መሥራች ኖርቤር ዞንጎ ነው። ወንድሙ፣ ሾፌሩና አብሯቸው የተጓዘ አንድ ሰውም አብረው ሞተዋል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዞንጎ ምን ቢጽፍ ነው ይህ የደረሰበት?

ኮምፓዎሬ ሥልጣን የያዙት በ1987፣ ቶማስ ሳንካራ በተገደሉበት መፈንቅለ መንግሥት ነው። ዞንጎ ጋዜጣውን በ1993 ሲያቋቁም አገሪቱ በስም የመድብለ ፓርቲ ሥርዓት ነበራት፤ መንግሥትን መተቸትም ጨርሶ የተከለከለ አልነበረም። እስከ ተወሰነ ድረስ ማለት ነው።

ወሰኑ የታየው በ1998 ነው። የፕሬዚዳንቱ ወንድም የፍራንስዋ ኮምፓዎሬ ሾፌር የነበረው ዳቪድ ዌድራኦጎ ከአሠሪው ቤት ገንዘብ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ። የያዙት ፖሊሶች ሳይሆኑ የፕሬዚዳንቱ ልዩ ጥበቃ ወታደሮች ናቸው። በጥር ወር በእነሱ እጅ ተሠቃይቶ ሞተ። ጉዳዩ በዚያው ተድበስብሶ ሊቀር ይችል ነበር። ሾፌር ነው፤ ማን ይጠይቅለታል?

ዞንጎ ጠየቀ። ጠይቆም አልተወም። ዓመቱን ሙሉ እየተመላለሰ ስለ አንድ ሾፌር ሞት ጻፈ። «መንግሥት ሙሰኛ ነው» የሚል ጽሑፍ ማንንም ከእንቅልፉ አይቀሰቅስም፤ ሁሉም ያውቀዋልና። «ይህ ሰው በዚህ ቤት ይሠራ ነበር፣ እነዚህ ወታደሮች ወሰዱት፣ ሞተ፤ ተጠያቂው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ግን መልስ የሚጠበቅበት ባለቤት አለው። ያስገደለውም ይኸው ነው። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ከግድያው በኋላ የተቋቋመው ገለልተኛ አጣሪ ኮሚሽን በ1999 ባወጣው ሪፖርት ዞንጎ የተገደለው በምርመራ ጋዜጠኝነቱ፣ በተለይም በዳቪድ ጉዳይ ሳቢያ መሆኑን ገልጾ፣ ስድስት የጥበቃ ወታደሮችን በዋና ተጠርጣሪነት ጠቅሷል።

ከስድስቱ የተከሰሰው አንድ ብቻ ነበር። እሱም ክሱ በ2006 «ማስረጃ የለም» ተብሎ ተዘጋለት።

በፍርድ ቤት የተዘጋው በር ግን በሌላ በኩል ተከፍቶ ነበር። ከግድያው በኋላ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ጠበቃው «አሁንስ በዛ!» እያለ አደባባይ ወጣ። መንግሥት ለማብረድ ሲል በ2000 ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የፕሬዚዳንቱን የሥልጣን ዘመን ከሰባት ወደ አምስት ዓመት ዝቅ አደረገ፤ ከሁለት ዙር በላይ መቆየትንም ከለከለ። በዚያው ዓመት ሦስት ወታደሮች በዳቪድ ሞት ተፈረደባቸው። የሾፌሩ ጥያቄ፣ ጠያቂው ከሞተ በኋላ፣ ከፊል መልስ አገኘ።

ሌላም የታሪክ ምፀት አለ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤትን ያቋቋመው ፕሮቶኮል የጸደቀው በሰኔ 1998፣ በዚያችው በዋጋዱጉ፣ በኮምፓዎሬ አስተናጋጅነት ነው። ግለሰቦች በቀጥታ እንዲከሱ የሚፈቅደውን መግለጫም መንግሥታቸው በዚያው ዓመት ሰጥቷል። የዞንጎ ቤተሰቦች በዚህ በር ገቡ። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2014 ቡርኪና ፋሶ ገዳዮቹን ፈልጎ ለፍርድ ለማቅረብ ተገቢውን ጥረት አላደረገችም ሲል ወሰነ። በ2015 ደግሞ ምርመራው እንዲቀጥልና ለቤተሰቦቹ ካሳ እንዲከፈል አዘዘ።

በዚያው 2014 ኮምፓዎሬ ያንን የሁለት ዙር ገደብ ሊያነሱ ሞከሩ። ሕዝቡ ፓርላማውን አቃጠለ። ጥቅምት 31 ቀን ሥልጣን ለቅቀው ተሰደዱ።

ዞንጎ ኮምፓዎሬን ጣለ ማለት አይቻልም፤ የጣላቸው ሕዝቡ ነው። ሊዘሉት ሲሉ የጠለፋቸው አጥር ግን የተተከለው በዞንጎ ሞት ማግስት በተነሳው ቁጣ ነው።

ታሪኩ በድል አልተዘጋም። ፍራንስዋ ኮምፓዎሬ በ2017 በፓሪስ አየር ማረፊያ ተያዙ፤ በግድያው እጄ የለበትም ይላሉ። ፈረንሳይ አሳልፋ ልትሰጣቸው ፈቅዳ ነበር። ነገር ግን በቡርኪና ፋሶ በ2022 መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2023 ቢላኩ የሚደረግላቸው አያያዝ አስተማማኝ አይደለም በማለቱ ጉዳዩ ቆመ። ወታደሮች ፍትሕን ሁለት ጊዜ አዘገዩት፤ አንዴ በጥይት፣ አንዴ በመፈንቅለ መንግሥት።

እኛ ዘንድ በየቀኑ አሥር ቅሌት ይለጠፋል፤ በማግስቱ በሌላ አሥር ይሸፈናል። ባለሥልጣኑም ይህን ስለሚያውቅ መልስ አይሰጥም፤ ሁለት ቀን ዝም ካለ ይረሳለታል። ዞንጎ የሚያስፈራው በዚህ ነበር። ሁለት ቀን ዝም ቢሉትም በሚቀጥለው ሳምንት ያችኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

እስቲ እናስበው፤ ባለፈው ዓመት ተቆጥተንባቸው ዛሬ የተውናቸው ስንት ዳቪዶች አሉ?