የሶፍትዌር ውልና የለውጥ ዋጋ፤ ከኢትዮጵያ የበጀት ማሻሻያ ታሪክ

ሸጎሌ አካባቢ አንድ የመማሪያ ሕንፃ ይሠራ ቢባል፣ ሥራ ተቋራጩ በንድፉና በሥራ ዝርዝሩ መሠረት ይዋዋላል፤ መሠረቱ ሲወጣ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ ጣሪያው ሲለብስ እየተለካ ይከፈለዋል። የመንግሥት ግዥ ደንብ በአመዛኙ የተቀረጸው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን ተገልጋዩ ሠርቶበት እስኪያየው ድረስ ፍላጎቱን በሙሉ ለይቶ የማይናገርበት ነገር በመሆኑ፣ በዝርዝር ብቻ የተዋዋለ መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ የሚረከበው ትናንት የፈለገውን ነው።

በ1989 ዓ.ም. የተጀመረው የበጀትና የሒሳብ ማሻሻያ ሌላ መንገድ ተከትሏል። በስቲፈን ፒተርሰን የተመሩ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከገንዘብ መሥሪያ ቤቱ ጋር፣ በዋነኛነት በአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ገንዘብ፣ እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ በተከታታይ ምዕራፎች ሠርተዋል። የተገዛው ያለቀለት ዕቃ ሳይሆን የባለሙያ ቡድን ሥራ ነበር ማለት ይቻላል። አስቀድሞ የበጀት፣ ቀጥሎም የሒሳብ ፕሮግራም ተዘጋጀ፤ በኋላ ሁለቱ ተዋሕደው አይቤክስ የተባለው ሥርዓት ተገኘ።

የአካሄዱ ጥቅም ጎልቶ የታየው በ1994 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች የበጀት ሥልጣን ወደ ወረዳ ወረደ፤ የመምህሩ ደመወዝም የወረዳው ወጪ ሆነ። ማሻሻያው ሲጀመር ይህ በማንም ዝርዝር ውስጥ ሊጻፍ አይችልም ነበር። ዋጋው በተቆረጠ ውል ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ለውጥ አዲስ ድርድር፣ ምናልባትም አዲስ ጨረታ በጠየቀ ነበር። በነገራችን ላይ፣ አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአሜሪካ ዩታ ተሰብስበው ዛሬ አጃይል የሚባለውን አሠራር ያወጁት በየካቲት 1993 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኢትዮጵያው ሥራ ከዚያ በፊት ተጀምሮ ነበር።

እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ሥራው በለጋሽ ገንዘብና በአንድ ቡድን ጽናት ላይ ያረፈ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታትም መንግሥት በኦራክል ላይ ወደተመሠረተ የውጭ ሥርዓት ፊቱን አዞረ።

የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 በሁለት ደረጃ የሚፈጸም ጨረታንና የማዕቀፍ ስምምነትን ፈቅዶ ስለነበር፣ በደረጃ መዋዋል ለአገሪቱ ሕግ እንግዳ አይደለም። አስቸጋሪው ርክክቡ ነው፤ በየሦስት ወሩ የቀረበውን ሥራ የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው የግዥ ክፍሉ ብቻ ከሆነ፣ ደመወዝ የሚያሰላው የወረዳ ሒሳብ ሠራተኛ ስሕተቱን የሚያየው ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ይሆናል።